አምስት ክንድ የጣሪያ ልብስ

ወንድሜ የተወልን ማኪና ወደኋላ አትሄድም። ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ኋላ ማርሿ እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት ተሰብሯል። ወንድሜ መለዋወጫውን ስድስት ዓመት ፈልጎ አላገኘውም። ሞተሪኖዋም አይሠራም፤ የምትነሳው ቁልቁል ተንደርድራ ነው። ቤታችን ቁስቋም ዳገቱ ላይ ስለሆነ መነሳቱ ብዙም አላስቸገረንም። ጠዋት ወንድሜ ከጎማዋ ሥር ድንጋዩን ያወጣል፣ ሮጦ ይገባል፣ ማኪናዋ ትንሽ ትንከባለላለች፣ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ሁለቴ ታስልና ትነሳለች።

የሚያስቸግረው መመለሱ ነው። ወንድሜ የትም ሲሄድ መንገዱን እንደ ቀለበት አድርጎ ነበር የሚያስበው። በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። ሲያቆማትም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነው። አንድ ጊዜ ዳቦ ልንገዛ ወጥተን ዳቦ ቤቱን ሁለት እርምጃ ያህል አለፍነው። ተመልሰን በሩ ላይ ለመቆም እስከ ስድስት ኪሎ ወርደን፣ ዞረን መጣን። ዳቦው አልቆ ነበር።

"ወርደህ በእግርህ ብትመለስስ?" አልኩት።

"ማኪና እያለኝ?" አለኝ።

ማኪናዋ ጥቁር ናት። ረጅም። አባታችን ሳይወለድ የተሠራች፣ በጊዜዋ ትልልቅ ሰዎች ብቻ የሚቀመጡባት። ወንድሜ ያገኛት አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። የአሮጊቷ ባል አንድ ዘመን ባለሥልጣን ነበሩ አሉ። እሳቸው ሲያልፉ ማኪናዋ የዶሮ ቤት ሆነች። ወንድሜ የአሮጊቷን ዶሮዎች የሚያኖርበት ሌላ ቤት፣ ማለቴ እውነተኛ የዶሮ ቤት፣ በቆርቆሮ ሠራላቸውና ማኪናዋን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ወንበሯን በፈታን ቁጥር እንቁላል እናገኝ ነበር። የመጨረሻውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በእጄ ሳይሆን በመቀመጫዬ።

ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ቀን የሰው ማኪና ይጠግናል፤ እሁድ የራሱን። አንድ ሕግ ነበረው፤ ማኪናዋ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ እኩያዋ መሆን አለበት። እኩያዋ የሆነ ሬዲዮ ፈልጎ አመጣ። እኩያዋ የሆነ ሰዓት አመጣ፤ ሰዓቱ ቆሟል፣ ግን በጊዜው ነው የቆመው ይላል። ለኋላ መስኮት መጋረጃ፣ መሪው አጠገብ የምትሰካ አንዲት አበባ የምትይዝ የብርጭቆ ቱቦ፣ የቆዳ ሻንጣ፣ የሾፌር ቆብ። የእኔ ስልክ ሲጮህ ሻንጣው ውስጥ ያስገባውና ይዘጋበታል። እማዬ ስትሳፈር ግን አይከለክላትም።

"አንቺ ለእሷ ትቀርቢያለሽ" አላት አንድ ቀን።

እማዬ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። ጫማው ሬዲዮውን መታው። ሬዲዮው ሠራ። ከዚያ በፊት ሠርቶ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሠራም።

ወንድሜ ነሐሴ ላይ ታሞ በሳምንቱ አረፈ። ስለዚያ ሳምንት ልጽፍ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። ልለፈው።

ሲያርፍ ማኪናዋ አልቃ ነበር ማለት ይቻላል። የቀራት የጣሪያ ልብስ ብቻ ነው፤ ከውስጥ፣ ከራሳችን በላይ ያለው ጨርቅ። የድሮውን ዶሮና አይጥ ጨርሰውታል። ወንድሜ ቆርቆሮው ላይ ጥጥ አንጥፎ ለጥፏል፤ ከጥጡ ሥር የሚወጠረውን ጨርቅ ግን ከሱቅ መግዛት አልፈለገም። በእጅ የተሠራ ጥጥ መሆን አለበት አለና ሽሮ ሜዳ ካለ አንድ ሸማኔ ጋር ተስማማ። ሸማኔው ጋሼ የምንላቸው፣ አጭርና ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ስምምነታቸው እንዲህ ነበር፦ ጋሼ የጣሪያውን ልብስ ይሠራሉ፤ ወንድሜ ደግሞ ጥር ላይ ልጃቸው ስትዳር በዚህችው ማኪና እስከ ሙሽራው በር ያደርሳታል።

ሥራው ግን አልተጀመረም። በክንድ ምክንያት። ጋሼ ሸማ የሚለኩት በክንዳቸው ነው፤ ከክርናቸው እስከ መሀል ጣታቸው ጫፍ። ወንድሜ ረጅም ነበር። ጣሪያውን ከእነ እጥፋቱ፣ ከእነ መወጠሪያው በራሱ ክንድ ለክቶ አምስት ክንድ አገኘ።

"ጋሼ፣ በእርስዎ ክንድ ከለኩልኝ ለዶሮዎቹ ብቻ ነው የሚበቃው" አላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

"የእኔ ክንድ አርባ ዓመት ሸማ ለክቷል" አሉት ጋሼ። "የአንተ ክንድ እስካሁን የለካው የሞተር ዘይት ነው።"

"ዘይትም በትክክል ነው የሚለካው።"

"እንግዲያው ማኪናህን ዘይት አልብሳት!"

ተኳረፉ። የሚኳረፉት በየሳምንቱ እየተገናኙ ነው፤ ሻይ እየጠጡ። በዚህ መሀል ነሐሴ መጣ።

አርባው ካለፈ በኋላ ጋሼ ቤታችን መጡ። እማዬ ፊት ቁጭ አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያንን የማኪናውን ነገር አያስቡበት። ለሠርጉ ኪራይ እናገኛለን።"

"ልጄ ምን ብሎዎት ነበር?" አለች እማዬ።

"ተዉት እንጂ እመቤቴ።"

"ምን ብሎዎት ነበር?"

"'ልጅዎን እስከ በሩ አደርሳታለሁ' ነበር ያለኝ።"

እማዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። "እንግዲህ ይሄኛው ያደርሳታል።"

አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። ጋሼ አዩኝ። ዐይናቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሰው ልጁን ለማን እንደሚሰጥ ሲያስብ የሚያየው ዐይነት ነው። መንጃ ፈቃድ አለኝ። ያወጣሁባት ማኪና ግን ወደኋላ ትሄድ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዳቦዬን ዋጥኩና "እሺ" አልኩ። ወንድሜ በሕይወቱ የሰጠው የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር፤ የተሰጠው መድኃኒት ሳይጠቅመው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሳይቀር "ጣሪያው... ጥር..." ብሎኝ ነበር። ይህን ነው ልለፈው ያልኩት። በቃ።

የወንድሜን ደብተር ገለጥኩ። ጣሪያ፦ አምስት ክንድ ይላል። አጠገቡ በትልቁ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ የእኔ!

ደብተሩን ይዤ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ጋሼ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው አነበቡት።

"የእሱ" አሉ። "የእሱን ከየት እናመጣለን?"

እኔ ክንዴን ዘረጋሁላቸው። አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በእናቴ ወጥቼ አጭር ነኝ። ድሮ ቢሆን በራሳቸው ክንድ ለክተው ይገላገሉ ነበር። አሁን ግን እልሁ ሌላ ሆነ። በሞተ ሰው ላይ ክርክር ማሸነፍ አልፈለጉም።

"ልብስ የለውም?" አሉኝ። "ልብስ ሰውዬውን ያውቃል።"

ልብሱን እማዬ አብዛኛውን ሰጥታለች። የቀረው አንድ ባለ ቁልፍ የሱፍ ሹራብና ጋራዥ የሚያደርገው የቆዳ ጓንት ነው። የሹራቡን እጅጌ በጥጥ ሞላሁት። ጓንቱንም ሞላሁት። ጓንቱን ከእጅጌው ጫፍ ጋር በመርፌ ሰፋሁ። የሹራቡ ክርን ሳስቶ ስለነበር ክርኑ የት እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል። ሲያልቅ ጥሩ ክንድ ወጣው። እማዬ ጓዳ ሄዳ ቆይታ ተመለሰች፣ ክንዱን አየችው፣ "ጣቱ እንዲህ ወፍራም አልነበረም" አለችና ከአውራ ጣቱ ጥጥ ቀነሰች።

ክንዱን በፌስታል ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ። ፌስታሉ አጭር ነው፤ ጣቶቹ ወጥተዋል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አይተው አማተቡ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ መጣ።

"ብራዘር፣ እጅህን አስገባልኝ።"

"የእኔ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"የወንድሜ።"

ረዳቱ ወደ ኋላ ወንበሮች ተመለከተ፣ ወንድሜን ፍለጋ። "እሱስ የታለ?"

"ሞቷል" አልኩ። እ... ሌላ ምን ልበል?

"ወራጅ አለ!" አሉ ሦስት ሰዎች ባንድ ድምፅ። ገና አልተንቀሳቀስንም ነበር።

ጋሼ ክንዱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። እንደ ሕፃን። ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ በክር ለኩት፣ ክሩን ቋጠሩት፣ በእሱ አምስት ጊዜ ለኩ፣ ድሩን በዚያ ልክ ዘረጉ። ሦስት ሳምንት ሠሩበት። ግራጫ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ጥቁር ጥለት አለው። ወንድሜ ቢያየው የሚናገርበት ነገር ይፈልግ ነበር፣ የሚያገኝ ግን አይመስለኝም።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ጨርቁን ወጠርን። ማኪናዋ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጋሼ በደጅ ሆነው እያዘዙኝ። ከፊት መስታወቱ ጀመርን። አንደኛው መወጠሪያ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ደስ ይላል። አራተኛው። ከዚያ ጨርቁ አለቀ። ጣሪያው አላለቀም። ከኋላ መስኮቱ በላይ፣ የሚቀመጥ ሰው ራስ ትክክል ላይ፣ አንድ ሙሉ ስንዝር ጥጥ ገላውን አሳይቶ ቀረ።

"ሳበው!" አሉኝ ጋሼ።

"ስቤዋለሁ።"

"አሁንም ሳበው!"

"ጋሼ፣ ጨርቅ ነው፣ ጎማ አይደለም።"

ሙሽራዋ፣ የጋሼ ልጅ፣ ማኪናዋን ልታይ አብራን መጥታ ነበር። በእኔ ዕድሜ ናት፣ በምላሷ ግን በሃያ ዓመት ትበልጠኛለች። አንገቷን አስገብታ ስንዝሯን ጥጥ አየች።

"ጣሪያውን ለካችሁት?"

"በክንድ" አልኩ።

"በማን ክንድ?"

ነገርናት። ስለ ሹራቡ። ስለ ጓንቱ። ከዚያ እግሬ ሥር ከነበረው ከወንድሜ የዕቃ ሳጥን ውስጥ አንድ ነገር አነሳችና ወደ ፊቴ ዘረጋችው።

"ሜትር የሚባል ነገር አለ እኮ።"

ሳጥኑ ውስጥ ነበረ። ሁልጊዜም እዚያ ነበረ። ብሎን ባወጣሁ ቁጥር እጄ ይነካዋል። ለምን እንዳላሰብነው እስካሁን አላውቅም። ጋሼም አያውቁም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለታችንም ጣሪያ መለካት አልነበረም የፈለግነው።

ሹራቡ ደግሞ ለምን እንዳጠረ ማታ እራት ላይ ታወቀ። እማዬ ከለቅሶው በኋላ በፈላ ውሃ አጥባዋለች። ሱፍ ነው።

አዲስ ድር ለመዘርጋት ጊዜ የለም። ጥጡ እንዳይወርድ ሙሽራዋ ነጭ ፕላስተር ገዝታ መጣችና እኔ ለጠፍኩት። ፕላስተር የማኪናዋ እኩያ አይደለም። ስለጥፍ ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው?" የሚለውን።

ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን መንገዱን በእግሬ ሄድኩበት። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ሙሽራው ቤት ሸጎሌ ድረስ። የሙሽራው ሰፈር ውስጥ መግቢያው በአንድ በኩል ነው፤ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በር አለ፤ ከበሩ አልፎ በታች በኩል ወደ አስፋልት ይወጣል። ቀለበት ነው። ወንድሜ ራሱ ቢያስበው ከዚህ አያሻሽለውም አልኩ። ደብተሩ ላይ መንገዱን ስዬ እንደ እሱ ሁለቴ አሰመርኩበት።

የሠርጉ ቀን ጥቁር ሱሪዬንና ጥቁር ሸሚዜን ለበስኩ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሌላ ልብስ አልለብስም። የሾፌር ቆቡን አደረግሁ። የወንድሜ ራስ ትልቅ ነበር፤ ቆቡ ጆሮዬ ላይ ነው የሚቆመው። ጋሼ በር ላይ ስደርስ የሙሽራው አክስት፣ ወርቅ በወርቅ የሆኑ ትልቅ ሴት፣ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"ይሄ ሾፌር ደግሞ እንዴት ያምራል! ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር በጥቁር! እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!"

ጋሼ አቀረቀሩ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ስትገባ በጆሮዬ "ቆብህን ቀና አድርግ፣ አታልቅስብኝ" አለችኝ። ቀና አደረግሁት። ተመልሶ ወረደ።

ሚዜዎቹ ገፉን። አዲስ ሱፍ፣ የሚያበራ ጫማ። ማኪናዋ ሁለቴ አሳለች፣ ተነሳች፤ ጋሼና አንድ ሚዜ ከፊት አጠገቤ፣ ሙሽሮቹ ከኋላ ሆኑ፣ ሌሎቹ በኪራይ መኪና ቀደሙን። ሰው እልል አለ። ጥጡ አልወረደም። የመሪው አጠገብ አበባ አለ። ሰዓቱ በጊዜው ቆሟል። እውነቱን ለመናገር ከነሐሴ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሰዓት የለም። ከዚያም ስለተደሰትኩ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ መታጠፊያ መጣና ሁለቱንም ተውኩት።

ሸጎሌ ስንደርስ ከብቶች መንገዱን ሞልተውታል። የገበያ ቀን ነው፤ ይህን አላሰብኩትም። ክላክስ አደረግሁ። የማኪናዋ ክላክስ ግን እንደ መኪና አይደለም የሚጮኸው፤ እንደ ላም ነው። ከብቶቹ መንገድ ለቀቁ፤ አንድ ቀይ በሬ ግን ቀና ብሎ አዳመጠ፣ መለሰልኝ፣ ከዚያም ይከተለን ጀመር። ባለቤቱ እየሮጠ ከኋላው።

"ምን ብለህ ነው የጠራኸው?" አለኝ ሙሽራው። ጸጥ ያለ ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይህን ብቻ ይመስለኛል።

ሰፈሩ ገባን። ቁልቁል። በሩን አየሁት፤ ሰው እልል እያለ ተሰልፏል። ፍሬን ያዝኩ። የማኪናዋ ፍሬን ሲይዙት ወዲያው አይይዝም፤ ትንሽ ያስባል። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነበርን፤ አምስት ሰው ሆነን ቁልቁል ስንወርድ ምን ያህል እንደሚያስብ አልገመትኩም። በሩን አለፍነው። እልልታውም አለፈን። ሃያ እርምጃ ያህል ወርደን ቆምን።

ችግር የለም፣ ወደ አስፋልቱ ወጥቼ ዞሬ እመጣለሁ አልኩ። ቀና ስል አስፋልቱ የለም። ድንኳን አለ። የሙሽራው ቤተሰብ ያንን ሁሉ እንግዳ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ በዚያው ጠዋት ድንኳኑን መንገዱ ላይ፣ መውጫዬ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ተክሎታል። ከፊታችን የወጥ ቤቱ በኩል ነው። ሁለት ሴቶች ማማሰያ ይዘው ቆመው ያዩናል። ሞተሩም ጠፋ።

አክስትየው እየሮጡ መጡ። "ወደኋላ በላ!"

"ወደኋላ አትልም።"

"እንዴት አትልም?"

"ድሮም አትልም።"

"ሙሽራ በወጥ ቤት በኩል አትገባም! ደጃፉ ላይ ሳትደርስ እግሯ መሬት አይነካም፣ ወጋችን ነው!" አሉ። ይህን ወግ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ሙሽራውም የሰማ አይመስልም።

ሙሽራዋ መስኮቱን አወረደች። ልትወርድልኝ ትችል ነበር። ሃያ እርምጃ ነው። እኔን በመስታወቱ አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ቆቡ ፊቴን ግማሽ ሸፍኖታል።

"አልወርድም" አለች። "እስከ በሩ ነው የተባልኩት። ግፉኝ!"

ጋሼ ኮታቸውን አወለቁ። ሚዜዎቹ በፊት በኩል ዞረው ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አደረጉ። ከወጥ ቤቱ ሴቶቹ ማማሰያቸውን አስቀምጠው መጡ። ዳገት ነው፤ ማኪናዋ የድሮ ብረት ናት። "አንድ፣ ሁለት!" ይላሉ። "ሙሽራ ወደኋላ!" ይላል አንዱ፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ተንቀሳቀስን። አሥር እርምጃ ያህል ሄደን ቆምን።

"ግፉ እንጂ!" አሉ አክስትየው።

"በሬው!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ቀዩ በሬ ከኋላችን ቆሟል። ክላክሱን ይጠብቃል። ባለቤቱ በጅራቱ ይጎትተዋል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ አንዷ ሴት ከወጥ ቤት ጎመን አምጥታ አሳየችው። ሄደ።

እንደገና ገፉን። የኋላ ጎማው የውሃ መውረጃ ውስጥ ገብቶ ዘሎ ወጣ። ያን ጊዜ ከኋላዬ "ጭርርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፕላስተሩ ነው። ከዚያ ሙሽራዋ ጮኸች። ዞር ስል ሁለቱ ሙሽሮች አይታዩም። ጥጥ ነው የሚታየው። የወራት አቧራ የጠጣ ጥጥ ከጣሪያው ተላቆ ጸጉሯ ላይ፣ ቬሎዋ ላይ፣ የሙሽራው አፍ ውስጥ። ጥርሴን ነክሼ ስድቡን ጠበቅሁ። ሳቅ ነው የመጣው። እሷ ስትስቅ ሙሽራው ጥጥ እየተፋ ሳቀ። ማኪናዋ በጀርባዋ እየሄደች ነው፤ መሪውን አልተውኩም።

ሳቋ ባንድ ጊዜ ቆመ።

"እጅ አለ" አለች።

"ምን?"

"ጣሪያው ላይ። እጅ ተሥሏል።"

በዚያች ቅጽበት በሩ ላይ ደረስን። ሰው እልል አለ፣ በሩን ከፈቱላት፣ እሷ ግን አልወረደችም። ቀና ብላ ታነብባለች።

"'ክንድ ማለት ይህ ነው። ክርክሩ አልቋል' ይላል።"

ሙሽሮቹ ሲወርዱ፣ እንግዳው ጥጡን የማስዋቢያ ዐይነት መስሎት ሲያጨበጭብ፣ እኔ ድንጋይ ከጎማዋ ሥር አድርጌ ከኋላ ወንበር ገባሁ። በጀርባዬ ተኛሁ። ጥጡ ሸፍኖት የነበረው ቆርቆሮ ላይ፣ በቀይ የአናጢ እርሳስ፣ የወንድሜ ክንድ ነው። ክርኑን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ በሌላው እጁ ዙሪያውን አስምሮበታል። ጣቶቹ ሳይቀሩ። በግራ እጁ ጠማማ የሆነችው ትንሿ ጣቱ ሳትቀር። ሥሎ፣ ጽፎ፣ ጥጥ ለጥፎበታል። ከዚያ ለሁለት ወር ተከራክሯል።

በሌላኛው በር ጋሼ ገቡ። በሸሚዝ፣ ላብ አጥምቋቸው። እግራቸው ከማኪናዋ ውጪ ቀርቶ አጠገቤ ተጋደሙ። ከዚያ ክንዳቸውን አንስተው ሥዕሉ ላይ አደረጉ።

"ሦስት ጣት" አሉ። "ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚበልጠኝ! ለሦስት ጣት ነው እንዴ ያን ሁሉ ወር ያኮረፈኝ?"

"መጨረሻ ስትከራከሩ ስለ ክንዱ ምን ብሎዎት ነበር?"

"'የማይጠፋበት ቦታ አስፍሬዋለሁ' አለኝ። ደብተሩን መስሎኝ!" ተነሥተው ዐይናቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉ። "ጥጥ ገባብኝ" አሉ።

እኔም ጥጥ ገብቶብኝ ነበር። ለዚያ ደግሞ ቆቡ ጠቀመኝ።

የሹራቡን ክንድ ከቆዳው ሻንጣ አወጣሁት። ለምን ይዤው እንደመጣሁ አትጠይቁኝ። ሥዕሉ ላይ ሳደርገው ሁለት ጣት አጠረ። አምስት ክንድ፣ ሁለት ሁለት ጣት፣ ሲደመር ያቺ ስንዝር ናት። በትክክል። ሂሳቡ መግጠሙ ለምን እንደዚያ እንዳስደሰተኝ አላውቅም።

ማኪናዋ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ማክሰኞ ነው የተነሳው። በየቀኑ ላያት እሄድ ነበር፤ በየቀኑ ያበሉኝ ነበር። ማክሰኞ ድንጋዩን አወጣሁ፣ ተንደረደረች፣ አስፋልት ወጣን። በሬው እዚያው አካባቢ ሳይኖር አይቀርም ብዬ ክላክሱን አልነካሁም።

ጋሼ የጎደለችውን ስንዝር ለብቻዋ ሠርተው አመጡልኝ፣ ከእነ ጥለቷ። ልሰፋት መርፌ ይዤ ገባሁና ቆምኩ። ከዚያ ከሹራቡ ላይ አራት ቁልፍ ቆርጬ በቁልፍ አደረግኋት። ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። የሹራቡ ቁልፍ የማኪናዋ እኩያ አይደለም፤ በዚህ እንከራከር ነበር።

ባለፈው እሁድ እማዬን ከቤተ ክርስቲያን ልመልሳት ስሄድ ከኋላ ተቀመጠች። አልነገርኳትም ነበር፤ ሙሽራዋ ናት የነገረቻት። አራቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። በመስታወቱ አየኋት። እጇን ዘርግታ ሥዕሉን ከክርኑ ጀምራ እስከ ጣቶቹ በቀስታ ዳሰሰችው። ጠማማዋ ጣት ላይ ቆየች።

"ግድግዳ ላይ አትጻፍ፣ አትጻፍ እያልኩት ነው ያደገው" አለች። "ይኸው ጣሪያ ላይ ጻፈ።"

ቁልፎቹን መልሳ ዘጋች፣ አራቱንም።

"በል እንሂድ" አለችኝ። "ደግሞ ቤቱን እንዳታሳልፈኝ።"